ከ3 ሜትር እና ከ5 ሜትር፦ አዲሶቹን መስኮቶቼን እንዴት አየኋቸው

መስኮቶቹ የተገጠሙት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ሰባት የአልሙኒየም መስኮት፣ አንድ ተንሸራታች የበረንዳ በር፣ አንድ የዋንዛ የፊት በር። ቤቱ ጅማ ነው፤ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ሳይጀምር። ለአልሙኒየሙ ጥቁር ግራጫ ቀለም መረጥኩ። አሁን ሐምሌ ገብቷል። ዝናቡም በደንብ መታቸው፣ እኔም በደንብ አየኋቸው። ስለዚህ መጻፍ እችላለሁ።

የወርክሾፑን ስም አልጽፍም። ጥፋት ነበረበት፣ አብዛኛውንም አስተካክሏል። ያስተካከለ ሰው ስሙ በጥፋቱ እንዲነሳ አልፈልግም። ይልቅ ቤት እየሠራ ያለ ሰው እንዲጠቀምበት፣ ምን እንዳየሁና እንዴት እንዳየሁት ልንገራችሁ።

የኔ እንጀራ ቡና ነው። 26 ዓመት የቡና ናሙና ሳይና ስቀምስ ኖሬያለሁ። በኛ ሥራ ማንም እንደፈለገ አይቶ አይፈርድም። ብርሃኑ የታወቀ ነው፣ ናሙናው በሚዛን የታወቀ ነው፣ ግድፈቱም በቁጥር የታወቀ ነው። በዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና አሠራር 350 ግራም ጥሬ ቡና ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። አንድ ሙሉ ጥቁር ፍሬ ለብቻው አንድ ግድፈት ነው። የተሰበረ ፍሬ ግን አምስቱ ተደምሮ ነው አንድ የሚባለው። ምክንያቱም ጥቁሩ ፍሬ ስኒው ውስጥ ይገባል፤ የተሰበረው ብዙም አይጎዳም። ይህ ሕግ ባይኖር ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ ይመሻል። ፍሬ በፍሬ እያነሳን ዓይናችን ሥር ብናስጠጋው ነቀፋ የማይወጣለት ቡና የለም።

መስኮትም ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘሁ።

መስኮት ገጣሚዎቹ የጨረሱት አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ነበር። ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው። «ማዘር፣ አይተው ይረከቡን» አሉኝ። ሳሎን ውስጥ አንድ አምፖል ብቻ ነበር የሚበራው። ከክፍያው 70 በመቶውን ሰጥቻለሁ፣ 30 በመቶ ቀርቶኛል። «ልጆቼ፣ ዛሬ አልረከብም። ነገ በቀን ብርሃን ነው የማየው» አልኳቸው። አንዱ ትንሽ ቅር አለው። ዋናው ሙያተኛ ግን ትልቅ ሰው ነው፣ ገባው። «እውነት አላቸው፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለ። ይቺን አንዲት ሌሊት ማሳደሬ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ።

በዚያ ሌሊት ጀርመን አገር መስኮት በመግጠም ለሚተዳደረው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት ሜትር ርቄ እንዳየሁ ነው። ርቀት አለው እንዴ? አለው። እሱ የነገረኝንም በኋላ ራሴ ያነበብኩትንም ባጭሩ ላስቀምጥ። ቀለም የተቀባ አልሙኒየም ላይ በአውሮፓ የታወቀው የጥራት ምልክት ኳሊኮት ነው። በዚያ ሕግ ቤት ውስጥ የሚውለው ከ3 ሜትር፣ ውጭ የሚውለው ከ5 ሜትር ይታያል። ከዚያ ርቀት ላይ የቀለም ልዩነት፣ እንደ ፊኛ ያበጠ ወይም የፈሰሰ ቀለም መታየት የለበትም። ቀለሙን አልፎ ብረቱ ድረስ የወረደ ጭረት ግን ጨርሶ አይፈቀድም። ለመስታወት ደግሞ የእንግሊዝ አገር የመስታወት ሙያተኞች አሠራር አላቸው። ተራ መስታወት ከ2 ሜትር፣ ቴምፐርድ የሆነው (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገው) ወይም ሽፋን ያለው ከ3 ሜትር ይታያል። በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳትመታው፣ መስታወቱን ሳይሆን በመስታወቱ አሳልፎ ማዶውን እያዩ ነው። ከጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያለውም አይቆጠርም። አስቀድሞ ጥፋቱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግም አይፈቀድም። ምልክት ከተደረገበት በኋላማ ዓይን ሌላ ነገር አያይም።

ይህ የነሱ ሕግ ነው፤ እኛ አገር ውላችን ላይ ማንም አይጽፈውም። እኔ ግን ስሰማው ደስ አለኝ። ልክ እንደ ቡናው ጠረጴዛ ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። ሰማዩ ደመና ነበር፣ ለማየት የተመቸ። ልጄ በሜትር ለክቶ ሳሎኑ ወለል ላይ 2 ሜትርና 3 ሜትር ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። ግቢ ውስጥም 5 ሜትር ላይ ድንጋይ አስቀመጠ። ሙያተኛው ሲያየን መጀመሪያ ገረመው። ትንሽ ቆይቶ ግን ወደደው። «እትዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያይልን እኮ ጥሩ ነበር። አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ነው የሚከራከሩን» አለኝ።

እኔ ግን ያን ቀን ሌላ ነገርም ተማርኩ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለሱ ስል ነው። ራቅ ብሎ ማየት ለሠሪው ማድላት አይደለም። ከቅርብ የማይታይ ጥፋት ከሩቅ ይታያል።

የኩሽናዬ መስኮት ምስክር ነው። በፊተኛው ቀን ተጠግቼ ዳስሼዋለሁ፣ ምንም አላገኘሁበትም። ጭረት የለው፣ ጥጉ ግጥም ያለ ነው። ድንጋዩ ጋ ሄጄ ስቆም ግን የሚከፈተው ክንፍ ከዙሪያው ፍሬም ጋር ቀለሙ አንድ አይደለም። አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሌላው ወደ ቡናማ። ልጄን ጠራሁት፣ ምንም ሳልነግረው «ምን ታያለህ?» አልኩት። «ኩሽናው ተለየ» አለ። ሙያተኛውም አልካደም። የአልሙኒየም ዘንጉ አልቆበት ከሌላ ጊዜ ግዢ የቀረውን ጨምሮበታል። ቀለሙ በስም አንድ ነው፣ ግን አብሮ የተቀባ አይደለም። ይህን ጥፋት ከአንድ ሜትር ላይ ሆኖ ማንም አያገኘውም። ከመንገድ ላይ ግን ጎረቤት ሁሉ ዕድሜ ልኩን ያየዋል። ይቀየርልኝ አልኩ፣ እሺ አለ።

ሁለተኛውም ከሩቅ የታየ ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሦስት መስኮቶች የላይ ጠርዛቸው አንድ መስመር ላይ አይደለም። የግራው ዝቅ ብሏል። በውሃ ቱቦ ለካነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ሙያተኛውን መውቀስ አልቻልኩም። ከላይ ያለውን ኮንክሪት ዝቅ አድርጎ የሞላው ግንበኛው ነው። መስኮቱ በተሰጠው ክፍት ልክ ነው የተሠራው። እውነት ለመናገር ግን ሲለካ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ያኔ ልስኑ ገና ስላልተለሰነ በቀላሉ ይስተካከል ነበር። አሁን እንዳለ ትቼዋለሁ። ወደ ቤቴ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ፣ ቅር ይለኛል።

ከቅርብ ወደሚታየው ልምጣ። መጀመሪያ የማየው ጥጎቹን ነው። የአልሙኒየም ፍሬም አራት ጥጉ ላይ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ይጋጠማል። የሠራተኛው እጅ የሚታወቀው እዚያ ነው። ጥፍሬን መጋጠሚያው ላይ አሻግሬ እጎትታለሁ። ካልያዘኝ ጥሩ ነው። የኔዎቹ ሰባት መስኮቶች 28 ጥግ አላቸው። ሃያ አምስቱ ላይ ጥፍሬ ዝም ብሎ አለፈ። ሁለቱ ላይ ትንሽ ያዘኝ፣ ተውኩት። አንዱ ግን በግራጫ ሲሊኮን ተሞልቶ ነበር። ሲሊኮን የሚሞላው ክፍተት ሲኖር ነው። ጠርጎ ሲያሳየኝ የእጄ ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ወጣ።

ያው መስኮት ነው ዲያጎናሉም ያልተስተካከለው። የመኝታ ቤቱ መስኮት 150 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። ከጥግ ወደ ጥግ ሲለካ ሁለቱም በኩል 192 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መምጣት አለበት። አንዱ 191.7 መጣ፣ ሌላው 192.5። ስምንት ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት ፍሬሙ ተንጋዷል ማለት ነው። ዓይኔ አስቀድሞ የሆነ ነገር ነግሮኝ ነበር። ክንፉ ሲዘጋ በግራ በኩል ያለው ክፍተት ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ነው። ብዙ ሰው ሜትር የለውም፤ ይህን ክፍተት ግን በዓይን ማየት ይችላል። እኩል ሆኖ ከላይ እስከ ታች ከወረደ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። ወርክሾፑ ይህን መስኮት ነቅሎ እንደገና ሠራው። አራት ቀን ፈጀ። ያለ ጭቅጭቅ ነው የሠራው፣ ለዚህ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

ጭረትስ? ስድስት ቆጠርኩ። አምስቱ ቀጫጭን ናቸው፣ ከ3 ሜትር ላይ ሆኜ ቦታቸውን እያወቅሁ እንኳ ማግኘት አቃተኝ። የተሰበረ ፍሬ ናቸው፣ አለፍኳቸው። ስድስተኛው በተንሸራታቹ በር እጀታ ሥር ነው፤ የመከላከያውን ላስቲክ በምላጭ ሲቀዱት የወረደ ነው። ነጩ ብረት ወጥቷል። ይሄ ጥቁር ፍሬ ነው። ከሩቅ ባይታይም አልቀበልም አልኩ፤ ቀለሙ የተነሳበት ቦታ ውሃ በገባበት ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። በነገራችን ላይ ያን ላስቲክ ቶሎ አስነሱት። ፀሐይ ላይ ወራት ከቆየ ማስቲሹ ይደርቅና ፍሬሙ ላይ ይቀራል። ልስን ወይም ቀለም ቀሪ ሥራ ካለ ግን ሥራው እስኪያልቅ ይቆይ። እርጥብ ሲሚንቶ አልሙኒየምን ይበላል፤ ወዲያው በውሃ ካልታጠበ ጠባሳው አይለቅም።

መስታወቱ ላይ ብዙ ቆየሁ። በጣም ያናደደኝም እዚያ ነው። የሳሎኑን መስታወት ከ2 ሜትር ሳየው ንጹሕ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን የታችኛው ክፍል ላይ እንደ አሸዋ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። አቧራ መሰለኝ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፣ አልሄደም። በጥፍሬ ስነካው ሻካራ ነው። ለካ የውጭውን የብረት በር የሚበይዱት ልጆች ግራይንደር ሲያንቀሳቅሱ ፍንጣሪው ነው። የጋለ ብረት መስታወቱ ላይ ይቀልጥና ይጣበቃል። ሕጉ ከ2 ሜትር እይ ይላል፤ ከ2 ሜትር አይታይም። ታዲያ ምን ላድርግ? ቡና ላይም ጥሬው ጥሩ መስሎ ስኒው ላይ የሚወጣ ጉድ አለ። ጥቂት ጠበቅሁ። ሰኔ ሲገባ ዝናብ መታው፣ ነጠብጣቦቹ ዛጉ። ቡናማ ሆኑ፣ ከሩቅም መታየት ጀመሩ። ይህ የመስኮት ወርክሾፑ ጥፋት አይደለም። ከብረት በር ሠሪው ጋር ተነጋግረን የመስታወቱን ዋጋ ግማሽ ከፈለ። ቤት እየሠራችሁ ከሆነ መስታወት ከመግባቱ በፊት ብየዳ ይለቅ። ካልሆነ መስታወቱ በማዳበሪያ ከረጢት ሳይሆን በወፍራም ካርቶን ይሸፈን።

የበረንዳው በር መስታወት ቴምፐርድ ነው። ልጄ የፀሐይ መነጽሩን አድርጎ ሲያየው «እማ፣ ነጠብጣብ አለው» አለኝ። አጥልቄ አየሁ። እውነትም እንደ ነብር ቆዳ ደብዛዛ ክብ ክብ ነገር አለው። መነጽሩን ሳወልቅ ጠፋ። ወዲያው ወደ ጀርመን ደወልኩ። ጥፋት አይደለም። መስታወቱ ከጋለ በኋላ በአየር ድንገት ሲቀዘቅዝ የሚቀር አሻራ ነው፤ እንደዚህ ባለ መነጽር ወይም ሰማዩ በተወሰነ ብርሃን ሲሆን ይታያል። እንዲያውም መስታወቱ ቴምፐርድ ለመሆኑ አንድ ምልክት ነው። ጥጉ ላይ የፋብሪካው ማኅተም መኖሩንም አየሁ፣ አለ። በር ላይ ይህ መስታወት ባይሆን አልቀበልም ነበር፤ የልጅ ልጅ የሚሮጥበት ቤት ነው። የጎረቤት ባሕር ዛፍ መስታወቱ ላይ ሲታይ ትንሽ ይወላገዳል። ይህም ሲጋል ሮለር ላይ ስለሚሄድ ነው፣ በዚህ መጠን ከሆነ አይነቀፍም።

ሲሊኮኑ ግን ደካማ ሥራ ነው። በጣት ነው የተደመደመው። አንዳንድ ቦታ ወፍራም፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ክር፣ ግድግዳው ላይም የተለቀለቀ አለ። የወረቀት ፕላስተር በሁለቱ በኩል ለጥፎ፣ ሞልቶ፣ ሳይደርቅ ማንሳት ብቻ ነበር የሚፈልገው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ደግሞ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል። እንዲህ የሚሸተው ዓይነት ለመስታወት ጥሩ ነው፤ ሲሚንቶና ዕብነ በረድ ላይ ግን በደንብ አይዝም። የማይሸተው አለ፣ ዋጋው ይወደዳል። እንዲቀይሩት ጠይቄ ውጭ ያለውን ብቻ ቀየሩልኝ።

አንድ ነገር አምልጦኝ ነበር። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት። መስኮት እዚህ ከያዘ የትም ይይዛል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ሁለት መስኮት ውስጥ ውሃ ተጠራቀመና ወደ ግድግዳው ፈሰሰ። ከታች፣ ከውጭ በኩል፣ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እነሱን በሲሊኮን ደፍነዋቸዋል! በቀን ብርሃን ጎንበስ ብዬ ባይ ኖሮ አያቸው ነበር። በዊንዲቨር ከፈትናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልገባም።

የዋንዛው በር ሌላ ወርክሾፕ የሠራው ነው። ስለሱ ሳስብ ደስ ይለኛል። ጅማ የእንጨት ከተማ ናት። በርጩማዋን ማን የማያውቅ አለ! ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት መስኮቶችና ሰገነት በቅርቡ ሄጄ እንደገና አየሁ። ሁሉም በእጅ የተሠራ ነው፣ አንዱ ከአንዱ በመጠኑ ይለያል፣ ግን አይሰለችም። እንጨት የሚታየው እንደዚያ ነው። በሬ ላይ አንዱ ሳንቃ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ነጣ ያለ ነው፤ የዋንዛ ግንድ መሃሉ እና ዳሩ አንድ ቀለም የለውም። ያን አልነቅፍም። የነቀፍኩት ሌላ ነው። የእጅ መስታወት ወስጄ ከበሩ ሥር አስገባሁ። የታችኛው ጠርዝ ቫርኒሽ አልነካውም። ስልኬን ከላይ አድርጌ ፎቶ አነሳሁ፣ የላይኛውም ደረቅ ነው። በር ውሃ የሚጠጣው በእነዚህ ሁለት ጠርዞች ነው። ጠጥቶ ሲያብጥ መዝጋት ያቅታል። አናጺው ወዲያው መጥቶ አወረደው፣ አድርቆ ሁለት ጊዜ ቀባው። ይኸው በሐምሌ ዝናብ በአንድ ጣት ይዘጋል። የፊቱ ቫርኒሽ ላይ ሁለት ቦታ የደረቀ ፍሳሽ አለ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ለሚገባ ሰው አይታይም።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ እንደ ሥራዬ ልስጥ። በኛ አገር ቡና ደረጃ ሲወጣለት ለጥሬው 40፣ ለቅምሻው 60 ነው። ለመስኮቱም እንደዚያ ከፈልኩት፦ ለዓይን 40፣ ለሚሠራው ሥራ 60። ያን ቀን ጠዋት ቢሆን ለዓይን 22 ነበር የምሰጠው። የተንጋደደው ከተሠራና በሩ ላይ ያለው ጭረት ከተስተካከለ በኋላ 31 ደረሰ። ሲሊኮኑና ቀለሙ ነው የቀነሱት። ለሥራው 52። በሩ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ቁልፎቹ ይይዛሉ፣ ጎማዎቹ ጥግ ላይ አልተቆረጡም። ድምር 83። ለዋንዛው በር 90 እሰጣለሁ።

ለሌላ ቤት አዛቸዋለሁ ወይ? አዎ፣ ግን ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስጽፌ ነው፦ ዘንጉ በሙሉ ከአንድ ግዢ እንዲሆን፣ ርክክቡ በቀን ብርሃን እንዲሆን፣ ከክፍያው 10 በመቶው የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ እስኪያልፍ እንዲቆይ።

የቀረውን 30 በመቶ ባለፈው ቅዳሜ ልከፍል ነበር። የኩሽናው ክንፍ ግን አልመጣም። ዘንጉ ከአዲስ አበባ እየተጫነ ነው ብለውኛል። ሃያውን ከፍያለሁ፣ አሥሩ እጄ ላይ ነው። ክንፉ ሲመጣ መጀመሪያ ድንጋዩ ጋ ሄጄ እቆማለሁ።